ከበሮ ሠሪው ደርበውና የሮተርዳሟ ፋና

ሮተርዳም፣ ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአብዬ ደርበው
ላሊበላ

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የአሸተንን ተራራ ወርዶ እደጅዎ ይድረስ። እርስዎም እትዬ ወለተ ሐናም እንደምን ከረማችሁ? ክረምቱስ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ በአምላከ ላሊበላ ቸርነት፣ በእናንተም ጸሎት፣ ከናፍቆት በቀር አንዳች የጎደለኝ የለም።

ስልክ በደወልሁ ቁጥር እትዬ ታነሣና «አጎትሽ ቆዳ እየወጠረ ነው»፣ «አጎትሽ ገበያ ወርዷል» ትለኛለች። እርስዎም «በስልክ ጩኸት እንጂ ነገር አይወራም፤ ጻፊልኝ» ብለው በእርሷ ልከውብኛል። እነሆ ጻፍሁ። እዚህ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ትቷል፤ ፖስታ ቤት ቴምብር ስጠይቅ ልጅቷ ጓዳ ገብታ ፈልጋ ነው ያመጣችልኝ።

አንድ ልመና አለኝ። ከበሮ ጨርሰው የሚሞክሩት ዕለት፣ ጎረቤታችን ወርቅአገኘሁ በስልኩ ይቅረጽልኝ። መጀመሪያ ሰፊውን አፍ ለብቻው፣ ቀጥሎ ጠባቡን፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ይምቱልኝ። እርሱ መቼም ቱሪስት ከቀረ ወዲህ ከአስጎብኚነቱ ሥራ ፈት ሆኗልና እምቢ አይልም። ለምን እንደፈለግሁት ሲደርስ እነግርዎታለሁ። ክፉ ነገር አይደለም።

«የሆቴል ትምህርቱስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለ እርሱ በሰፊው እጽፋለሁ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።
የወንድምዎ ልጅ ፋና ምሥጋናው


ላሊበላ፣ ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለፋና

የሄድሽበት አገር ይቅናሽ፤ የረገጥሽው ይለምልም። እኔ ደኅና ነኝ። እትዬሽም ደኅና ናት፤ የላክሽላትን የሱፍ ካልሲ በቤትም በደጅም አታወልቀውም።

ያልሽው ተፈጽሟል። ለብልባላ ሰዎች የምሠራውን ትልቁን ከበሮ ስጨርስ ወርቅአገኘሁ ስልኩን እፊቴ ደቅኖ ቆመ። «አያ ደርበው፣ እንዳይስቁ፤ እየቀረጽሁ ነው» ይለኛል፤ እርሱ ራሱ ግን ይስቃል። ግንዱ ዋንዛ ነው። አባትሽ በሕይወት ሳለ አብረን የቆረጥነው ነበር፤ ይኸን ሁሉ ዓመት ጥላ ውስጥ ሲደርቅ የኖረ ነው። ቆዳውም የደኅና በሬ ነው። ኢንተርኔት ስለሌለ ወርቅአገኘሁ ድምፁን በሚሞሪ አድርጎ አዲስ አበባ ለሚሄድ ጓደኛው ሰጥቶታል፤ ከዚያ ይልክልሻል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የሆቴል ትምህርት ከበሮ ምን ያደርግለታል? እንግዳውን በከበሮ ነው የምትቀሰቅሱት? ልጅ ሳለሽ፣ እኛ ዘንድ ስታድጊ፣ ያ የሰፈሩ ሆቴል ጄኔሬተር ሲነሣ ስልክ ደቅነሽ ድምፁን ትቀርጪ ነበር። «የምን ጉድ ናት?» ሲሉኝ «መካኒክ ትሆናለች» እል ነበር። ደግሞ የተመረቅሽበትን ፎቶግራፍ ላኪልኝ። ግድግዳው ላይ ቦታ ለይቼለታለሁ።

አጎትሽ ደርበው


ሮተርዳም፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአብዬ ደርበው

ጥምቀቱን በሰላም ያሳለፈዎ አምላክ ይክበር ይመስገን።

ለግድግዳው የሚሆን ፎቶግራፍ የለኝም። የሆቴል ትምህርቱን ትቼዋለሁ። እነሆ፣ ተናገርሁት።

አሁን ጠዋት ጠዋት በአንድ ሆቴል ልብስ አጥባለሁ፤ እንጀራዬ እርሱ ነው። ዋናው ሥራዬ ግን ሙዚቃ ነው። ፕሮዲውሰር ይሉታል። ዘፋኝ አይደለሁም፤ መሰንቆም ክራርም አልይዝም። ድምፅ እለቅማለሁ፦ የመርከብ ጡሩንባ፣ የባቡር በር፣ የማጠቢያ ማሽኑን መንቀጥቀጥ። ከዚያ በላፕቶፕ እቆርጠዋለሁ፣ እቀጥለዋለሁ፣ የኤሌክትሪክ ድምፅ እጨምርበታለሁ፤ ሰው የሚጨፍርበት ይወጣዋል። ያስተማረኝ ሩበን የሚባል፣ ስፒከር የሚጠግን ሽማግሌ ነው። ወላጆቹ ደቡብ አሜሪካ ካለችው ከሱሪናም የመጡ ናቸው። የተበላሸ ስፒከር ሲያይ እርስዎ የተቀደደ ቆዳ ሲያዩ እንደሚያደርጉት ያጉረመርማል።

ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ተጫወትሁ። ቦታው ወደብ ዳር የታሰረ አሮጌ መርከብ ነው፤ ሆዱን ቡና ቤት አድርገውታል። ሰዉ መጠጡን ይዞ እጁን አጣጥፎ ይመለከተኛል። ላቤ ወረደ። «አገሬ ልግባ» እያልሁ ሳለ የእርስዎን ከበሮ ለቀቅሁት። አብዬ፣ የመርከቡ ብረት አጓራ! ጓዳ ሙዝ የምትጠብሰው ሴትዮ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጥታ መሐል ገባች፤ ከዚያ በኋላ የቀረ የለም። ሩበን ጥግ ቆሞ ያለቅሳል፤ ኋላ ብጠይቀው «የሽንኩርቱ ጢስ ነው» አለኝ።

የቅዳሴም የማኅሌትም ዜማ አልነካሁም፤ አልነካምም። የወሰድሁት ከበሮውን ብቻ ነው። ሥራውን «ዋንዛ» ብዬዋለሁ። አንድ ትንሽ ኩባንያ ሊያሳትመው ይፈልጋል። እርስዎ ካልፈቀዱ ግን እተወዋለሁ። ለወርቅአገኘሁ ልኬለታለሁና ያሰማዎት። መሐሉ ላይ፣ ከበሮው ጸጥ በሚልበት፣ አንድ ስጦታ አስቀምጬልዎታለሁ። ከሣቁ ይጻፉልኝ።

ምርቃትዎን የምትጠብቅ
ፋና


ላሊበላ፣ ግንቦት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፋና ምሥጋናው

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ።

መልሴ ዘግይቷል። መንገዱ ተዘግቶ ነው እንዳልልሽ፣ መንገዱስ ተከፍቶ ነበር። ተናድጄ ነበር። ሰው «ፋና እንዴት ናት?» ሲለኝ «ሆቴል ናት» እላለሁ፤ ልብስ ማጠቡም ሆቴል ውስጥ ነውና ሐሰት አልሆነብኝም።

ኋላ ወደ መሪጌታ ጽጌማርያም ሄድሁ። ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። «ከበሮ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እደጅህ ሳለ እንጨትና ቆዳ ነው፤ ሠርግም ይጨፈርበታል። ልጅቱ ዜማውን አልነካም ካለች ቃሏን ትጠብቅ። አንተም ፊትህን ፍታው» አሉኝ። ፈትቼዋለሁ። አሳትሚው።

ዘፈንሽንም ሰማሁ። ሰፊው አፍ ደኅና ይናገራል፤ ደረቴን ነው የመታኝ። መሐል ላይ ጸጥ የሚለውም ጥሩ ነው፤ ሰው ትንፋሹን ይሰበስባል። ስጦታ ያልሽው ይህን ዕረፍት መሆኑ ገባኝ።

ከዚህ ሌላ የብልባላ ሰዎች ከበሮውን በአህያ ጭነው መልሰውልኛል። «ጠባቡ አፍ ላላ፤ አይጮህም» አሉ። ቆዳ ምን ያውቃሉ! አጥብቄ ወጥሬ ላክሁላቸው፤ አሁን ደግሞ «ከልክ በላይ ተወጠረና ተቀደደ» ብለው ሌላ ሠሪ ፍለጋ ወደ ፍላቂት ወጥተዋል አሉ። ይውጡ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የማውቀው አንድ ሽማግሌ አለ። ጆሮው ትንሽ ከብዶታል። እናንተ አገር ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ አለ ይላሉ። እውነት ነው? ሰው እንዳያውቅበት ትንሽ ይሆናል? ሰውየው ጠይቅልኝ ስላለኝ ነው።

አጎትሽ ደርበው


ሮተርዳም፣ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአብዬ ደርበው

ፈቃድዎ ሲደርሰኝ ደብዳቤውን እንደያዝሁ ወደ ሩበን ሱቅ ሮጥሁ። አማርኛ ባያውቅም አንብቢልኝ አለ፤ አነበብሁለት፤ ሲያልቅ «ጥሩ ሰው ነው» አለ። «ዋንዛ» በመስከረም ይታተማል።

ስለዚያ ሽማግሌ። እባክዎ ይህን ይንገሩልኝ። ዕድሜ አስቀድሞ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው። የወፍ ድምፅ ይሄዳል፤ የሴት ንግግር እንደ ጉም ይሆናል፤ ስልክ ይንጫጫል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን ይቀራል። ሰውየው ግራ ሊገባው ይችላል፤ ይሰማልና። ነውር አይደለም። እዚህ በእኔ ሥራ ያሉ ሰዎች በወጣትነታቸው ያጋጥማቸዋል፤ ሩበን በሁለቱም ጆሮው መሣሪያ አለው፤ ትንሽ ነው፤ እኔ ራሴ ያየሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ግን እንደ ጫማ ገዝተው የሚልኩት አይደለም፤ ሐኪም ለክቶ ነው የሚሰጠው። አዲስ አበባ የጆሮ ሐኪም አለ። ሽማግሌው እሺ ካለ ወርቅአገኘሁ ይወስደዋል።

እስከዚያው ደግሞ፣ ለምሳሌ ያህል፣ ሽማግሌው ከበሮ ሠሪ ቢሆን፣ አንድ መላ አለኝ። ስልክ ላይ ድምፅን በመስመር የሚያሳይ ነገር አለ። ጠባቡ አፍ ሲመታ መስመሩ ይወጣል፤ ቆዳው ከላላ ይወርዳል። በዓይን ያዩታል። ለወርቅአገኘሁ ልኬለታለሁ፤ በጥሩ ዘመን የሠሯትን፣ ቤት ያለችውን ትንሿን ከበሮ መጀመሪያ ይምቱና መስመሩ የት እንደሚደርስ ምልክት ያድርጉ፤ ሌላውን በእርሷ ልክ ይወጥሩ። እኔ ራሴ ያለዚያ መስመር አልሠራም።

ሽማግሌውን እጅግ አድርጌ እንደማከብረው ይንገሩልኝ።

ፋና


ላሊበላ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፋና

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

መልእክትሽን ለሽማግሌው አድርሻለሁ። መጀመሪያ ተቆጣ። «ከአባቴ የወረስሁትን ሙያ ስልክ ሊያስተምረኝ ነው?» አለ። ቀን ሰነበተና፣ ሰው በሌለበት፣ ወርቅአገኘሁን ጠርቶ ሞከረው። መስመሩ እንዳልሽው ወጣ፣ ወረደ። ሽማግሌው ልክ ነው ብሎ የወጠረው ቆዳ ከትንሿ ከበሮ መስመር እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሽማግሌው ጠፍሩን ፈቶ እንደ ገና ጀመረ።

የብልባላን ከበሮ አስመልሶ፣ አዲስ ቆዳ አልብሶ ራሱ በአህያ ጭኖ ሄደ። ሲመቱለት ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ቄስ «ይኸ ነው የደርበው እጅ» አሉ። ሽማግሌው ይህን ሰምቶ በመንገድ ሁሉ ብቻውን ሲስቅ መጣ።

ሐኪሙን ግን ያስብበታል።

አጎትሽ ደርበው

*እኔ ወለተ ሐና ነኝ፤ ቦታ ስለተረፈ ልጻፍ። ፋናዬ፣ ሽማግሌው ባሌ ነው። እንደገባሽም አውቃለሁ። ከአምና ጀምሮ ድስት ገነፈለ ስለው «ማን መጣ?» ይለኛል። ስልክ ሲጠራ ቆዳ ይዞ ይሸሻል። ደግሞ ያን ዘፈን ሲሰማ አጠገቡ ነበርሁ። ከበሮው ጸጥ ሲል የእኔ እልልታ ይወጣል! ለካስ ከበሮው በተቀረጸ ዕለት ደስ ብሎኝ ከደጅ እልል ማለቴን ስልኩ ቀርጾት ኖሯል። እኔ በሣቅ ስፈርስ እርሱ «ጸጥ ማለቱ ጥሩ ነው» ይላል። ወርቅአገኘሁና እኔ ተያይተን ሳንነግረው ተውነው። ሐኪሙ ዘንድ ካልሄደ እኔም የእልልታውን ነገር አልነግረውም፤ እርሱ እንደሁ አይሰማኝ። ይህን የጻፍሁትን ሳያነብ አሽጌዋለሁ።*


ሮተርዳም፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብዬ ደርበውና ለእትዬ ወለተ ሐና

አበባው ፈክቶ፣ መስቀሉም አልፎ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በቃችሁ።

መጀመሪያ የከፋውን ልንገራችሁ። ያ ኩባንያ ሊያትም በተዘጋጀ ጊዜ ሰውየው ጠራኝና «አንድ ነገር ጎድሎታል፤ የካህናቱን ዜማ ከላዩ ጨምሪበት፤ ሰው የሚወደው እርሱን ነው» አለኝ። የተቀዳ ማኅሌት ከኢንተርኔት አውርዶ አስቀምጧል። «አይሆንም» አልሁት። «ለምን?» «ቃል ገብቻለሁ።» «ለማን?» «ላሊበላ ላለ መሪጌታ።» ሰውየው ሣቀ፤ ቀልድ መሰለው። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ውሉን አጠፈው። እየዘነበ በእግሬ ወደ ቤት ሄድሁ። ያን ዕለት ሥራዬ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ሩበን ግን «ይሻላል! እኛው እናትማለን» አለ። ሱቁን ዘግተን ሸክላውን አሳተምን፤ ሽፋኑን ሙዝ ጠባሿ፣ ጓደኞቿና እኔ በእጃችን አጣበቅነው። የሬዲዮ ሰው አንዱን አገኘና አጫወተው። ከዚያ ስልኬ አላረፈም። በደን ውስጥ የሚደረግ ትልቅ የሙዚቃ በዓል ጠሩኝ፤ ዓይኔ እስከሚያይ ድረስ ሰው ነበር። እትዬ፣ አንቺ የምታውቂው ቦታ ሲደርስ ያ ሁሉ ሕዝብ አብሮ እልል ለማለት ይሞክራል! አይችሉበትም፤ እንደ ቀበሮ ይጮኻሉ። ግን ደስ ይላል።

የሆቴሉን ልብስ ማጠብ ትቻለሁ። አለቃዬ ስሰናበታት አንድ ነጭ አንሶላ ሰጠችኝ፤ «ስትተኚ እኛን አስቢን» ብላ።

ሽማግሌውስ ሐኪም ዘንድ ሄደ?

ፋና


ላሊበላ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፋና

እንኳን ከዘመን ዘመን አሻገረሽ። ገናን በደኅና አሳልፈናል፤ ምእመኑ እንደ ድሮው ባይሆንም ብዙ ነበር።

ሽማግሌ ሽማግሌ ስል አትሳቂብኝ። እኔ ነኝ። እትዬሽ መጻፏን ኋላ ነገረችኝ። ተቆጣሁና ልጮህባት ስል «ጮክ በል፤ አንተ ካልጮህህ አትሰማም» አለችኝ። ምን ይደረጋል፤ ሣቅሁ።

ለመሪጌታ የጠበቅሽውን ቃል ነገርኋቸው። ተቀምጠው ነበር፤ ተነሡ። ምንም ሳይሉ ወደ ምሥራቅ ዞረው መረቁሽ።

አዲስ አበባ ወረድን፣ ወርቅአገኘሁና እኔ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጓዳ አስገብታ የሆነ ነገር ጆሮዬ ላይ አድርጋ «ሲሰማዎት ጣትዎን ያንሡ» አለችኝ። ቁጭ አልሁ። ወፍራሙን ሰማሁ፤ ቀጭኑ ገና ይጀምራል ብዬ ስጠብቅ እርሷ ጨርሳለች። ፋና፣ ያን ጊዜ ፈራሁ። «ሙያዬስ ምን ይበጀዋል?» አልሁ በልቤ። ሐኪሟም «ምን ይሠራሉ?» አለችኝ። «ከበሮ።» «እንግዲያ ከሌላው ሰው ይልቅ ለእርስዎ መጠንቀቅ አለብኝ» ብላ ደጋግማ ለካችው።

መሣሪያውን ጆሮዬ ውስጥ ያስገባችልኝ ለት የሰማሁትን ልንገርሽ። የራሴን ጋቢ ነው የሰማሁት። ጋቢ ድምፅ አለው! ስንቀሳቀስ ይንሾካሾካል። ቤት ስገባ እትዬሽ ታወራለች፣ ታወራለች፤ «ይኸን ያህል ታወሪ ኖሯል?» አልኋት። «አሁን ነው የጀመርሁት፤ እስከዛሬ ማን ነበረኝ» አለች። እኔ ሣቅሁ፤ እርሷ ግን ፊቷን ወደ ጓዳ መለሰች። አልቅሳ ኖሯል። እጇን ይዤ ተቀመጥሁ።

ወርቅአገኘሁ ዘፈንሽን እንደ ገና አጫወተልኝ። ከበሮው ጸጥ አለ። እልልታዋ ወጣ። እዚያ ላይ የተሰማኝን አልጽፈውም። ደውዪልኝና እነግርሻለሁ፤ አሁን ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ።

አጎትሽ ደርበው


ሮተርዳም፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብዬ

በስልክ ያልሁትን በጽሑፍ ላጽና፤ እመጣለሁ! ለአሸንድዬ ነው የምደርሰው። ልጃገረዶቹ ሲጫወቱ እኔም ከላፕቶፔ ጋር ከጎናቸው ልቁም ብዬ ለምኜ፣ የከተማው ወጣቶች ሜዳውን እናሰናዳለን ብለዋል። የወርቅአገኘሁ ልጅ ንጋት ደግሞ «ግጥሙን ለእኔ ተዪው» ብላለች። ስፒከሮቹን ከደሴ እንከራያለን።

እውነቱን ልንገርዎት፤ በደኑ በዓል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስቆም አልፈራሁም። የላሊበላን ሴቶች ፊት ሳስብ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ሐቁን ነው የሚናገሩት። «ይኸ ምንድን ነው? የወፍጮ ድምፅ ነው» ቢሉኝስ?

ይጸልዩልኝ።
ፋና


ላሊበላ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፋና

የሄድሽበትን መንገድ የጠበቀ፣ እኛንም በጤና ያቆየ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ስልክ አለ፤ ይህ ግን በስልክ አያልቅምና ብዕር አነሣሁ። አንቺ ያን ለት አንገትሽን ማሽንሽ ላይ ደፍተሽ ነበርና፣ ያላየሽውን ልንገርሽ።

ልጃገረዶቹ አሸንድዬውን ወገባቸው ላይ አስረው ሜዳውን ሲሞሉት ከዚያ ወዲያ የቆሙትን እናቶች አየሽ? አላየሽም። መጀመሪያ እንደ ፈራሽው ፊታቸውን አጥቁረው ነበር። አንዷ ለእትዬሽ «ይኸ ሣጥን ነው ወይ የሚዘፍነው?» አለቻት። እትዬሽም «ቆይ» አለቻት። ንጋት ያን ግጥሟን ስታወርደው፦

«የደርበው ከበሮ ባሕር ማዶ ሄዶ፣
ፈረንጅ አስጨፍሮ መጣልን ነጉዶ!»

ልጃገረዶቹ ተቀበሏት፤ አንቺም ከሥር ከበሮውን ለቀቅሽው። ምቱ ከመሬቱ በእግሬ ገባ። ያችው ሴትዮ ነጠላዋን አደግድጋ ገባች። መጀመሪያ የገባችው እርሷ ናት፤ ዛሬ ግን «እኔ ከጅምሩም አውቄ ነበር» ትላለች።

ከዚያ መብራት ሄደ። አንቺ ሽቦ ይዘሽ ስትሮጪ፣ ከከተማው ወጣቶች አንዱ ጄኔሬተሩን ሲጎትት፣ እኔ የሰዉን ፊት አየሁ። ደስታው ሊወድቅ ነው። ከንጋት አጠገብ ትንሿ ከበሮዬ ነበረች። አንጠልጥዬ ገባሁ። ያንቺ ድምፅ ከተቆረጠበት፣ ሳይወድቅ ያዝሁት። ከሠርጌ ወዲህ ሰው መሐል ከበሮ መትቼ አላውቅም፤ እኔ ሠሪ ነኝ እንጂ መቺ አይደለሁም። ግን ልጃገረዶቹ ዞረው ከበቡኝ፤ ድምፃቸው እንዲያ ጥርት ብሎ፣ የእያንዳንዷ ለየብቻ ሲሰማኝ እንዴት ላቁም? ጄኔሬተሩ ሲነሣ አንቺም ቀስ ብለሽ ከሥሬ ገባሽ፤ የቱ ያንቺ፣ የቱ የእኔ እንደሆነ ሰው አላወቀም። እኔም አላወቅሁም።

መሪጌታስ? ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከዛፉ ሥር ቆመው ነበር። «ለበረከት ነው የመጣሁት» ብለውኛል። ግን መቋሚያቸው መሬቱን ቀስ እያለች ትመታ ነበር። በማግሥቱ ብነግራቸው «ጉንዳን እየነዳሁ ነበር» አሉኝ።

አንቺ ትተሽልን በሄድሽው ላፕቶፕ ንጋትና ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ እደጄ ተሰብስበው ይሠራሉ። የሰሞኑ የፍየል ድምፅ አለበት፤ አልወደድሁትም። እነርሱ ግን ወደውታል። ይሥሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ቆዳ ልገዛ ፍላቂት ሄጄ ነበር። ስመለስ ሚኒባሱ በገብስ ከረጢትና በሰው ጢም ብሏል። ሾፌሩ ደሳለ የሚባል ጎበዝ ነው፤ አያውቀኝም። ቴፑን ከፈተ። «ዋንዛ» ነው! ጆሮዬን ሰጠሁ። ሰዉ መወዛወዝ ጀመረ፤ በመንገዱ ጉድጓድ ነው እንዳልል፣ መንገዱ እዚያ ጋ ደኅና ነው። እትዬሽ እልል ስትል ከኋላ ያለች ሴት መልሳ እልል አለች። ከዚያ ደሳለ ስልክ ተደውሎለት አጠፋው። ከረጢት ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «አንተ ልጅ! መልሰው! ለምን አጠፋህብን?» ብለው ጮኹበት። መለሰው።

አልቻልሁም። «ይህን የሠራችው የእኔ ልጅ ናት» አልሁ።

ሚኒባሱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጭቃ የነካው ጫማ አድርጌ፣ እርጥብ ቆዳ ታቅፌ፣ ሽታው ለእኔም ከብዶኛል። «ይኸ የፈረንጅ ነው፣ አባት» አለ አንዱ። ደሳለም በመስታወቱ እያየኝ ፈገግ አለ።

ባዶ ጀሪካን እግሬ ሥር ነበር፤ አነሣሁና ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። አብሬው መታሁ። ከበሮው ጸጥ ከሚልበት በፊት እኔ ጸጥ አልሁ፤ ከመመለሱ በፊት እጄን አነሣሁ፤ ሲመለስ አብረን መታን። በሁለተኛው መመለሻ ላይ ያን የመርከብ ጡሩንባ ያስገባሽበትን ቦታ «አሁን!» አልኋቸው፤ ጡሩንባው ነፋ። አሮጊቷ አማተቡ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አትጠይቂኝ፤ ደሳለ መኪናውን ዳር ይዞ ማቆም ግድ ሆነበት፤ ሰው ሁሉ ወርዶ አስፋልቱ ዳር ጨፈረ። ገብስ የጫኑ አህዮች ቆመው አዩን።

ስንሳፈር ደሳለ በሩን ይዞልኝ «እውነት አባቷ ነዎት?» አለኝ።

«አዎ» አልሁት።

ቤት ገብቼ ለእትዬሽ ብነግራት «አጎቷ አይደለህም እንዴ? በሽምግልናህ መዋሸት ጀመርህ?» አለችኝ። «ኧረ የቱ ጋ ዋሸሁ!» አልኋት። አሰበችና «የትም አልዋሸህም» አለች።

ደርበው ነኝ፤ ደኅና ሁኚልኝ።